የማርስን የሸክላ ማዕድናት ከምህዋር መለየት፦ ከምስል መረጣ እስከ ማረጋገጫ

ሸክላ ያለ ውኃ አይፈጠርም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከውኃ ጋር ረጅም ጊዜ ሲቆይ በውስጡ ያሉት ብረት፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየምና ሲሊከን እንደ አዲስ ተደራጅተው በስስ ንብርብሮች የተሠሩ ማዕድናት ይሆናሉ። ውኃውም በከፊል በንብርብሮቹ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የማርስ ወንዞች ከደረቁ ቢሊዮኖች ዓመታት ቢያልፉም ይህ እስር አልተፈታም። ድንጋዩ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ የታሰረው ውኃ ምልክት አብሮ ይወጣል፤ ምልክቱንም ወደ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞር መንኮራኩር ማንበብ ይቻላል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተሳካለት የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ ማርስ ኤክስፕረስ መንኮራኩር የተሸከመው ኦሜጋ የተባለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ማርስ ከደረሰ በኋላ በ2005 የሸክላ ማዕድናት መገኘታቸው ታተመ። ቀጥሎ የመጣው በናሳ ማርስ ሪኮናይሳንስ ኦርቢተር ላይ የተጫነው ክሪዝም ነው። ክሪዝም ከ2006 ጀምሮ ሠርቶ በሚያዝያ 2023 ተዘጋ፤ የሰበሰበው መረጃ ግን ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው። ይህ መመሪያ በዚያ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ባለቀለም ካርታ ግኝት አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ቀይና አረንጓዴ የተቀባ የማርስ ምስል ሞልቷል፤ ብዙዎቹ ቀለማት ግን እውነተኛ ሸክላ ሊሆኑም፣ የመሣሪያ ስሕተት ሊሆኑም ይችላሉ። ግኝት የሚባለው ሊያፈርሱት በተደጋጋሚ ሞክረው ሳይፈርስ የቀረ ምልክት ብቻ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ምልክቱን ለማግኘት፣ ግማሾቹ ደግሞ ለማፍረስ የሚጠቅሙ ናቸው።

1. የሚፈልጉትን ምልክት አስቀድመው ይወቁ

ምስሉን ከመክፈትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ለዚህ ደረጃ ይስጡ። ክሪዝም ተራ ካሜራ አይደለም። እያንዳንዱ ፒክስል ከ0.36 እስከ 3.92 ማይክሮሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ በ544 ጠባብ ቻናሎች የተለካ ብርሃን አለው፤ በቻናል እና በቻናል መካከል ያለው ርቀት 6.55 ናኖሜትር ነው። እነዚህን ልኬቶች በተርታ ሲያገናኟቸው የነጸብራቅ መስመር ይወጣል፤ ስፔክትረም የሚባለው ይህ ነው። ማዕድን ብርሃን የሚመጥበት ቦታ ላይ መስመሩ ይሰረጉዳል። ሥራችን በሙሉ እነዚህን ስርጉዶች ማንበብ ነው።

ለሸክላ ሦስት አካባቢዎች ወሳኝ ናቸው። በ1.4 ማይክሮሜትር አጠገብ ያለው ስርጉድ ከኦክስጅንና ሃይድሮጅን ትስስር እንዲሁም ከውኃ ይመጣል። በ1.9 አጠገብ ያለው የሚታየው ሙሉ የውኃ ሞለኪውል ሲኖር ብቻ ነው። በ2.2 እና በ2.4 መካከል ያለው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል፤ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተያያዙበትን የብረታ ብረት ንጥረ ነገር (አሉሚኒየም፣ ብረት ወይም ማግኒዚየም) ማንነት ይገልጻልና። በዚህ አካባቢ አሉሚኒየም ያለበት ሸክላ፣ ለምሳሌ ሞንትሞሪሎናይት፣ በ2.21 አጠገብ ይሰረጉዳል። ብረት የበዛበት ኖንትሮናይት በ2.28 እና በ2.29 መካከል፣ ማግኒዚየም የበዛበት ሳፖናይት በ2.31 እና በ2.32 መካከል ያሳያሉ። ክሎራይት ወደ 2.33 እና 2.35 ይገፋል። ካኦሊናይት በ2.16 እና በ2.21 ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስርጉዶች ስላሉት ከሌሎቹ በቀላሉ ይለያል።

ልብ ይበሉ፦ በኖንትሮናይትና በሳፖናይት መካከል ያለው ልዩነት 30 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በክሪዝም አራት ወይም አምስት ቻናል ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ የስርጉዱ ዝቅተኛ ነጥብ የት እንደሚያርፍ በጥንቃቄ መለካት የማዕድኑን ስም ይወስናል። የ1.4ቱ ስርጉድም ከዚሁ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። በማግኒዚየም ሸክላ ወደ 1.39፣ በአሉሚኒየም ሸክላ ወደ 1.41፣ በብረት ሸክላ ወደ 1.43 ይጠጋል። ሁለቱ ተስማምተው ሲገኙ እምነትዎ ይጠንክር፤ ሲጣሉ ግን ቆም ይበሉ።

ብዙ ጀማሪዎች የ1.9 ስርጉድ ከሌለ ሸክላ የለም ብለው ይደመድማሉ። ትክክል አይደለም። ካኦሊናይትና ክሎራይት በንብርብሮቻቸው መካከል የውኃ ሞለኪውል ስለማይይዙ ያ ስርጉድ በጣም ደካማ ሊሆን ወይም ከናካቴው ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ 1.9 ብቻውን መታየቱ የሸክላ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰልፌትም፣ ዚዮላይትም፣ ውኃ ያዘለ ሲሊካም ያሳዩታል።

2. ምስል ይምረጡ

መረጃው የሚገኘው በናሳ የፕላኔቶች መረጃ ማኅደር ውስጥ በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው የጂኦሳይንስ ክፍል ነው። የማኅደሩ የካርታ መፈለጊያ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይሠራል። ለመለማመጃ ያልታወቀ ቦታ አይምረጡ። መልሱ በሚታወቅበት ቦታ ይጀምሩ፤ የተሳሳቱ እንደሆነ ስሕተትዎን የሚያዩት በዚያ ነው። በሜትሮራይት ግጭት የተፈጠረው የጄዜሮ ጉድጓድ በ18.4 ዲግሪ ሰሜን፣ በ77.6 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ይገኛል፤ በምዕራብ ጠርዙ የጥንት ወንዝ የገነባው ዴልታ አለው። ማውርዝ ቫሊስ የተባለው ሸለቆ ደግሞ በ24 ዲግሪ ሰሜን፣ በ341 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ሲሆን በሸክላ ምልክት ጥንካሬ ከማርስ ቦታዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ማውርዝን እመርጣለሁ። ጄዜሮ ካርቦኔትና ኦሊቪን የተባሉ ሌሎች ማዕድናት ስለተቀላቀሉበት ለሁለተኛው ሙከራ ይሁን።

በውጤቱ ዝርዝር ውስጥ ሙሉ ጥራት ያላቸውን ዒላማ ምስሎች ይፈልጉ፤ እያንዳንዱ ፒክስላቸው 18 ሜትር ገደማ መሬት ይሸፍናል። 200 ሜትር ገደማ ፒክስል ያላቸው የቅኝት ምስሎች ሰፊ አካባቢ ለመቃኘት ይጠቅማሉ እንጂ የማዕድን ስም ለመወሰን በቂ ቻናል የላቸውም፤ 72 ብቻ ናቸው።

ቀደም ያሉትን ዓመታት ያስቀድሙ። የክሪዝም የኢንፍራሬድ መመልከቻ በጣም መቀዝቀዝ ነበረበት፤ የማቀዝቀዣዎቹ አቅም በጊዜ ሂደት ስለደከመ የኋለኞቹ ምስሎች የበለጠ መዛባት አለባቸው። በ2007 አጋማሽና በ2018 መላዋን ፕላኔት የሸፈኑ የአቧራ ማዕበሎች ስለነበሩ በእነዚያ ወራት የተነሱትንም ይዝለሏቸው። ፀሐይ ወደ አድማስ ባዘነበለችበት ሰዓት ወይም በክረምት በከፍተኛ ኬክሮስ የተነሱ ምስሎች ደግሞ በጥላ፣ በውርጭና በደመና ይበላሻሉ።

3. ከጥሬ ብርሃን ወደ ነጸብራቅ

ማኅደሩ በተለያየ ደረጃ የተሠራ መረጃ ያቀርባል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ተስተካክሎ በካርታ ላይ የተዘረጋው ዓይነት ነው፤ የከባቢ አየር እርማት፣ የሾሉ ስሕተቶች ማስወገድና የሁለቱ መመልከቻዎች (የሚታየው ብርሃንና የኢንፍራሬድ) ማገጣጠም ተሠርቶለታል። ነገር ግን በካርታ ያልተዘረጋውንና እርማቱ ያው የሆነውን እትም አብረው ያውርዱ። ለምን እንደሆነ በ5ኛው ደረጃ ይታያል፤ እሱን ሳያወርዱ የሚጀምር ሰው ከሥራው መካከል ተመልሶ መሄዱ አይቀርም።

እርማቶቹ ተሠርተው ቢመጡም ምን እንደተደረገ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ቅሪታቸው ኋላ ላይ ሸክላ መስሎ ይመጣልና። መጀመሪያ መሣሪያው የለካው ብርሃን ከፀሐይ በሚመጣው ብርሃን ይካፈላል። ቀጥሎ ፀሐይ መሬቱን በመታችበት አንግል ኮሳይን ይካፈላል፤ አለዚያ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት የተነሳ ምስል ከሌሎቹ የጨለመ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በ2.0 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚፈጥራቸው ሦስት ተያያዥ ስርጉዶች ይወገዳሉ። ይህ የሚደረገው ኦሊምፐስ ሞንስ በተባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ ግርጌና ጫፍ ላይ የተነሱ ልኬቶችን በማነጻጸር ነው፤ ግርጌው ላይ ብዙ አየር፣ ጫፉ ላይ ጥቂት አየር ስላለ የሁለቱ ንጽጽር የአየሩን ድርሻ ለብቻው ያወጣዋል። ዘዴው ብልህ ነው፣ ፍጹም ግን አይደለም። የሚተወው ቅሪት ከ1.9 ስርጉድ አጠገብ ስለሚወድቅ በ1.95 እና በ2.07 መካከል ያለ ማንኛውም ትንሽ እብጠት ወይም ስርጉድ ይጠርጠር።

ለመክፈቻ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ወይም በፓይተን የሚሠራው ስፔክትራል ፓይተን ይበቃል፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የክሪዝም ቡድን ያዘጋጀው የመተንተኛ መሣሪያ ኤንቪ ከተባለው የሚሸጥ ሶፍትዌር ጋር ይሠራል። ፋይሉን እንደከፈቱ 65535 የሚል ዋጋ ያላቸውን ፒክስሎች ባዶ ብለው ይሰይሟቸው። ባዶ ቦታ ማመልከቻ ናቸው፤ ካልተወገዱ አማካዩን ሁሉ ያበላሻሉ።

4. የመፈለጊያ ካርታ ይሥሩ

በአንድ ምስል ውስጥ መቶ ሺዎች ስፔክትረም አሉ። ሁሉንም በዓይን ማየት ስለማይቻል የስርጉዶቹን ጥልቀት በቁጥር እናወጣለን። ስሌቱ ቀላል ነው። ከስርጉዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትከሻዎች በቀጥታ መስመር ያገናኙ፤ መስመሩ በስርጉዱ ቦታ ላይ የሚኖረውን ዋጋ ያስሉ፤ የተለካውን ነጸብራቅ ለዚያ ዋጋ ያካፍሉ፤ ውጤቱን ከ1 ይቀንሱ።

በምናባዊ ቁጥር እንየው። በ2.14 ላይ ነጸብራቁ 0.250፣ በ2.25 ላይ 0.260፣ በ2.21 ላይ ደግሞ 0.246 ቢሆን፣ ቀጥታ መስመሩ በ2.21 ላይ 0.2564 ይሰጣል። 0.246 ለ0.2564 ሲካፈል 0.96 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጥልቀቱ 0.04 ወይም 4 በመቶ ይሆናል። በማርስ ላይ የሚያጋጥሙት የሸክላ ስርጉዶች ብዙ ጊዜ በዚህ መጠን ወይም ከዚህ ባነሰ ጥልቀት የሚገኙ ናቸው። የዚህን ሥራ አስቸጋሪነት ከዚህ ቁጥር በላይ የሚያሳይ የለም።

የክሪዝም ሳይንቲስቶች ለእነዚህ ስሌቶች መደበኛ ስሞች አውጥተዋል፤ በ2.3፣ በ2.2 እና በ1.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉትን ስርጉዶች በቅደም ተከተል የሚለኩት ዲ2300፣ ዲ2200 እና ቢዲ1900 ለሸክላ የሚያገለግሉ ናቸው። ሦስቱን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ሲያዋህዷቸው የብረትና የማግኒዚየም ሸክላ ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ የአሉሚኒየም ሸክላና ሲሊካ ወደ አረንጓዴና ውኃ ሰማያዊ፣ ሌሎች ውኃ አዘል ማዕድናት ወደ ሰማያዊ ይቀርባሉ። የተዘጋጀው መረጃ እነዚህን ካርታዎች አብሮ ይሰጣል፤ ቢሆንም አንዱን በእጅዎ አስልተው ከተዘጋጀው ጋር ያነጻጽሩ። ካልተስማሙ ወይ የቻናል ቁጥር ተሳስተዋል ወይ ባዶ ፒክስሎች ገብተውብዎታል።

ቀለሙን በሚመለከቱበት ጊዜ ቅርጹን ይመርምሩ። እውነተኛ ማዕድን የመሬቱን ቅርጽ ይከተላል፤ በገደል ግድግዳ ላይ ንብርብር ሆኖ ይታያል፣ በአሸዋ ክምር ሥር ይጠፋል፣ በጉድጓድ ጠርዝ ይገለጣል። ከምስሉ ላይኛ ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ በቀጥታ መስመር የሚወርድ ቀለም የመሣሪያው ነው። በጥላ ውስጥ ብቻ የሚታይም እንዲሁ አይታመን።

5. ማካፈል፦ ሥራው የሚበላሽበትም የሚድንበትም ቦታ

ቀለም የበዛበትን ቦታ አግኝተው ስፔክትረሙን ሲያወጡ የሚያዩት መስመር ያሳዝንዎታል። የተንቀጠቀጠ፣ በአቧራ የተሸፈነ፣ ስርጉዱ በጭንቅ የሚለይ ነው። መፍትሔው የፈለጉትን ቦታ አማካይ ስፔክትረም በሌላ፣ ምንም ልዩ ማዕድን በማይታይበት ቦታ አማካይ ማካፈል ነው። ለሁለቱም የጋራ የሆነው የአቧራ፣ የአየርና የመሣሪያ አሻራ ይሰረዛል፤ የተለየው ማዕድን ይቀራል።

ላዕሉን፣ ማለትም የሚካፈለውን የፈለጉትን ቦታ፣ በመምረጥ ይጀምሩ። በካርታው ላይ ጠንካራ ዋጋ ያሳዩ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ፒክስሎችን ይሰብስቡ። 25 ፒክስል ሲወስዱ በዘፈቀደ የሚመጣው መዛባት በአምስት እጥፍ ይቀንሳል፤ 100 ሲወስዱ በአሥር እጥፍ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ የድንጋይ ዓይነቶችን አንድ ላይ እስኪቀላቅሉ ድረስ አያስፉት።

ታህቱ፣ ማለትም የሚካፈልለት ባዶ ቦታ፣ ግን ከላዕሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሕግ ከላዕሉ ጋር በአንድ የምስል ዓምድ ውስጥ መሆን አለበት የሚል ነው። ክሪዝም ምስሉን የሚሠራው መስመር በመስመር ሲሆን እያንዳንዱን ዓምድ የሚለካው ሁልጊዜ ያው የመመልከቻው ክፍል ነው፤ ያ ክፍል የራሱ ስሕተት ካለው ስሕተቱ ዓምዱን ሙሉ ይከተላል። በአንድ ቦታ ላይ በተጫረ መነጽር ሁለት ነገሮችን እንደማየት ነው፤ ጭረቱ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በማካፈል ይጠፋል። ከሌላ ዓምድ የመጣ ታህት ግን የሌላ ጭረት ስላለበት አዲስ ስርጉድ ይፈጥራል፤ ይህን ስርጉድ የቱንም ያህል ፒክስል አማካይ ቢወስዱ አያጠፉትም። በካርታ ላይ የተዘረጋው ምስል ዓምዶቹን ስለሚያዞራቸው ይህን ሥራ በእሱ ላይ መሥራት አይቻልም። ያልተዘረጋውን እትም ያስወረድኩዎት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ታህቱ ባዶ ይሁን የሚል ነው፤ ሁሉም የማዕድን ካርታዎች በዚያ ቦታ ላይ ዜሮ አጠገብ ሊሆኑ ይገባል። አቧራ የሸፈነው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል። ፓይሮክሲን የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማዕድን ያለበት ጥቁር አሸዋ ግን አደገኛ ነው። ፓይሮክሲን በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ ሰፊ ስርጉድ ስላለው ለእሱ ሲያካፍሉ መስመሩ በዚያ ላይ ይነፋል፤ ከእብጠቱ በቀኝ በኩል ያለው ቁልቁለት ደግሞ በ2.3 ላይ የሸክላ ስርጉድ ያለ ያስመስላል። ሰልፌት ያለበት ታህትም በ2.4 ላይ ወደ ላይ የተገለበጠ እብጠት ያመጣል። በውጤትዎ ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ነገር ካዩ መጀመሪያ ታህቱን ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ታህቱ በከፍታና በብርሃን ከላዕሉ ጋር ይቀራረብ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ላዕል ለገደሉ ሥር ቢካፈል በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ውፍረት ልዩነት በ2.0 ላይ ይታያል።

አሁን ፈተናዎቹን ይስጡት። ሦስት የተለያዩ ታህቶች መርጠው ሦስቱንም ያካፍሉ፤ ስርጉዱ ከቦታው ሳይነቃነቅ በሦስቱም ከተገኘ መልካም ነው። ቀጥሎ አንዱን ባዶ ቦታ ለሌላ ባዶ ቦታ ያካፍሉ። ውጤቱ ቀጥ ያለ መስመር መሆን ነበረበት፤ አይሆንም። እዚያ ላይ የሚያዩት ሞገድ የምስልዎ የስሕተት መጠን ነው። ባዶ ለባዶ ሲካፈል 1 በመቶ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ 1 በመቶ ጥልቀት ያለው የሸክላ ስርጉድ አገኘሁ ማለት አይችሉም። ይህን ፈተና ሳያሳይ የሚቀርብ ስፔክትረም ላይ እምነት ለመጣል እቸገራለሁ።

6. ማዕድኑን መሰየምና ተመሳሳዮቹን ማስወገድ

የተካፈለውን ስፔክትረም በቤተ ሙከራ ከተለኩ ናሙናዎች ጎን ያስቀምጡ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የስፔክትረም ስብስብና የብራውን ዩኒቨርሲቲው የሪላብ ስብስብ በነጻ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚቀርበው ግን በራሱ በክሪዝም ከማርስ የተሰበሰቡ የ31 ማዕድናት ዓይነተኛ ስፔክትረሞችን የያዘው ሚካ የተባለው ስብስብ ነው፤ የማርስ አቧራና የመሣሪያው ጠባይ አብረውት ስላሉ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ይሆናል።

የስርጉዱን ቦታ ብቻ ሳይሆን ስፋቱን፣ ሚዛኑንና ጓደኞቹን ያነጻጽሩ። በ2.21 ላይ ያለ ጠባብና የሾለ ስርጉድ የአሉሚኒየም ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ ከ2.20 እስከ 2.26 የተለጠጠ ሰፊ ስርጉድ ግን ውኃ አዘል ሲሊካ ነው። ጂፕሰምም በ2.21 አካባቢ ይሰረጉዳል፤ የሚያጋልጡት በ1.75 እና በ2.4 ያሉት ተጨማሪ ምልክቶቹ ናቸው። ጃሮሳይት በ2.26 እና በ2.27 መካከል ስለሚያርፍ ከብረት ሸክላ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ተመሳሳይ ካርቦኔት ነው። የማግኒዚየም ካርቦኔት በ2.31 ላይ ልክ እንደ ሳፖናይት ይሰረጉዳል። ልዩነቱ በ2.51 ላይ ያለው ሁለተኛ ስርጉዱ ነው፤ ጥልቀቱ ከመጀመሪያው ጋር ይመጣጠናል። በጄዜሮ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ አንዳንዴም በአንድ ፒክስል ውስጥ። ስለዚህ በ2.3 ላይ ስርጉድ ሲያገኙ ዓይንዎ ወዲያውኑ ወደ 2.5 ይሂድ። ሰርፐንቲንም በዚሁ አካባቢ ስላለ በ2.1 ላይ ደካማ ተጨማሪ ስርጉድ መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ።

2.1 ላይ ሲደርሱ ግን እጅግ ይጠንቀቁ። በ2018 የታተመ ጥናት የክሪዝም መረጃ ሲሠራ የሚደረጉ እርማቶች በ2.1 አካባቢ የሌለ ስርጉድ ሊፈጥሩ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ከዚያ በፊት ፐርክሎሬት ጨው ተብለው የተነገሩ አንዳንድ ግኝቶችም በዚህ ምክንያት ጥያቄ ውስጥ ገብተዋል። በ1.65 አጠገብም የመሣሪያው ማጣሪያዎች የሚገናኙበት ስፌት ስላለ እዚያ ላይ የሚታይ ነገር ከድንጋዩ አይደለም። የውኃ በረዶ በ1.5 እና በ2.0 ላይ ሰፋፊ ስርጉዶች አሉት፤ ደመና ወይም ውርጭ ከገባ የሸክላውን ውኃ ያስመስላል።

7. መሬቱን ይመልከቱ

ስፔክትረም ያለ መሬት ግማሽ ታሪክ ነው። ያው መንኮራኩር የተሸከማቸው ሁለት ካሜራዎች እዚህ ላይ ይረዳሉ፤ ሲቲኤክስ በፒክስል 6 ሜትር፣ ሃይራይዝ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያሳያሉ። የማዕድን ካርታዎን በእነዚህ ላይ ይደርቡት። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ጄማርስ የተባለ ሶፍትዌር ይህን ሥራ ያቃልላል።

በማውርዝ ቫሊስ ይህን ሲያደርጉ በጣም የሚያረካ ነገር ያያሉ። የብረትና የማግኒዚየም ሸክላ ከታች፣ የአሉሚኒየም ሸክላ ከላይ ሆነው ተደራርበዋል፤ ሸክላ ያለበት ድንጋይ ፈካ ያለ ቀለም አለው፣ በብዙ ማዕዘን ቅርጾችም ተሰነጣጥቋል፤ ከላዩ ያለው ጠቆር ያለ ክዳን ግን የሸክላ ምልክት የለውም። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች የሰረገ ውኃ ብረትና ማግኒዚየምን አጥቦ ወስዶ አሉሚኒየሙን የተወበት ጥንታዊ የአፈር ለውጥ አድርገው ያነቡታል። የስፔክትረሙ ወሰንና የድንጋዩ ወሰን በአንድ መስመር ላይ ሲያርፉ የዚያን ያህል የሚያሳምን ማስረጃ አላውቅም።

ሸክላው ከጉድጓድ መካከል ከተነሣ ኮረብታ ላይ ከሆነ ግን ትርጉሙ ይለያል። እንዲህ ያሉ ኮረብታዎች የሜትሮራይት ግጭት ከጥልቀት ያወጣቸው ድንጋዮች ስለሆኑ ሸክላው በገጽ ላይ በነበረ ሐይቅ ሳይሆን በከርሰ ምድር ሙቅ ውኃ የተፈጠረ፣ ወይም ግጭቱ ራሱ ባሞቀው ውኃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ክሎራይት ካገኙ ይህን አማራጭ ያጠናክራል።

8. ሁለተኛ ምስል፣ ከዚያም መዝገብ

ያንኑ ቦታ በሌላ ቀን የሸፈነ ሌላ ምስል ይፈልጉ። ቦታው በሁለተኛው ምስል በሌላ ዓምድ ላይ ስለሚያርፍ የመሣሪያ ስሕተት ከሆነ ይጠፋል፤ ማዕድን ከሆነ ይቆያል። ከክሪዝም ሌላ ምስል ከሌለ ኦሜጋን ይሞክሩ፤ ፒክስሉ በመቶዎች ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ የሚጠቅመው ሰፊ ለሆነ ገላጣ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ መሣሪያ መሆኑ ምስክርነቱን ከባድ ያደርገዋል።

ሲጽፉ የምስሉን መለያ፣ የላዕሉንና የታህቱን ፒክስሎች ቦታና ብዛት፣ የተጠቀሙባቸውን እርማቶች፣ የባዶ ለባዶ ፈተናውን ውጤት እንዲሁም የእያንዳንዱን ስርጉድ ቦታና ጥልቀት ይመዝግቡ። ሌላ ሰው ያለ እርስዎ እርዳታ ሥራውን ደግሞ መሥራት መቻል አለበት። ስሙንም በማስረጃው ልክ ይስጡ። 2.3 ብቻ በግልጽ ከታየ «የብረት ወይም የማግኒዚየም ሸክላ ሊሆን የሚችል» ይበሉ፤ 1.4፣ 1.9 እና 2.29 በአንድነት ከተገኙና 2.5 ንጹሕ ከሆነ «ኖንትሮናይትን የሚመስል ስሜክታይት» ማለት ይችላሉ፤ ስሜክታይት በንብርብሮቹ መካከል ውኃ የሚይዝ የሸክላ ዓይነት ነው።

የስርጉዱን ጥልቀት ወደ መጠን አይለውጡት። 4 በመቶ ጥልቀት ማለት 4 በመቶ ሸክላ ማለት አይደለም፤ የቅንጣቶቹ መጠን፣ የጥቁር ማዕድናት ድብልቅና የአቧራው ውፍረት ጥልቀቱን ይቀያይሩታል። ብርሃኑ የሚያነበውም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ የላይ ገጽ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት «እዚህ ሸክላ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከምህዋር ብቻ አይጻፍም። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ በ2013 በጌል ጉድጓድ ውስጥ የሎውናይፍ ቤይ በሚባለው ቦታ ድንጋይ ሲቦረቡር 20 በመቶ ገደማ ስሜክታይት አግኝቷል፤ ከምህዋር ግን በዚያ ቦታ የሸክላ ምልክት አልታየም ነበር። በዚያው ጉድጓድ ግሌን ቶሪደን የተባለው ስፍራ በተቃራኒው ክሪዝም አስቀድሞ የሸክላ ምልክት ያነበበበት ነው፤ ተሽከርካሪው በ2019 ደርሶ ሲቦረቡረው እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጉዞው ካገኘው ሁሉ የበለጠ ሸክላ አገኘበት። ስለዚህ ምልክት ባላዩበት ቦታ በመዝገብዎ ላይ የሚጽፉት «አልታየም» የሚለውን፣ ከጎኑም በዚያ ምስል ሊለይ ይችል የነበረውን ትንሹን የስርጉድ ጥልቀት ነው።